ክደው የተመለሱትን የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ተቀበለቻቸው?

ጥያቄ፦ ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እውቀት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ለሁለት ሊከፈል ስለተቃረበ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

ከጥቂት ወራት በፊት ቀድሞ በመዘምራን ክፍል ያገለግሉ የነበሩ ሦስት እኅቶቻችን ከአረብ አገር ተመለሱ። ሁለቱ ሲሄዱ ደላላው ስማቸውን ለውጦ፣ ሃይማኖታቸውንም በወረቀቱ ላይ ሌላ አድርጎ አስመዝግቧቸው ነበር። ማተባቸውን አውልቀው በሻንጣ ሸሽገው እንደኖሩ፣ አሠሪዎቻቸው ስለ እምነታቸው ሲጠይቋቸውም በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ይመልሱ እንደነበር እያለቀሱ ነግረውናል። ሦስተኛዋ ግን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በቃሏም እምነቷን ትታ አምስት ዓመት ኖራለች። ሦስቱም የንስሐ አባት ይዘው ቀኖና ተቀብለዋል። ሁለቱ ቀኖናቸውን ፈጽመዋል፣ ሦስተኛዋ ገና አልጨረሰችም።

ጠቡ የተነሣው ሁለቱ ወደ መዝሙር አገልግሎት ለመመለስ ሲጠይቁ ነው። ከአባላቱ የሚበዙት «ማተቡን የፈታ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ ሊዘምር አይገባውም፤ ቢፈልግ ከምእመናን ጋር ያስቀድስ» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «በስደት ያዩት መከራ ቀኖናቸው ነው፤ ቀድሞውኑ ንስሐ ግቡ መባል አልነበረባቸውም» ብለው ተቃወሙ። አሁን ሁለቱ ወገኖች በአንድ አዳራሽ አብረው መማር እየተዉ ነው። ጉዳዩ ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር የሚያከራክረን እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ፤ ይህ የራሳችን የቤት ውስጥ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ሲገጥማት ምን አደረገች? የሠራችው ስሕተትስ ካለ ምን ነበር?

ምላሽ፦ ከአንድ የታሪክ መምህር

ውድ ወንድማችን፣ ጥያቄዎ እጅግ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቱ ሳይቀር።

ዳክዮስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በኤፌሶን ዋሻ ከተኙት ከሰባቱ ደቂቅ ታሪክ ነው። ይህ ንጉሥ በ249 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሮምን መንግሥት ከያዘ በኋላ፣ በግዛቱ ያለ ሰው ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱንም በሹማምንት ፊርማ እንዲያስመሰክር አዘዘ። የምስክር ወረቀቱ ሊቤሉስ ይባል ነበር። ከእነዚህ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ባለጉዳዩ ዘወትር ለአማልክት ሲሠዋ እንደኖረ፣ አሁንም በትእዛዙ መሠረት በሹማምንቱ ፊት እንደሠዋና ከመሥዋዕቱ እንደቀመሰ ይገልጽና እንዲፈርሙለት ይለምናል።

በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ፣ በግእዙ አጠራር በቅርጣግና፣ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቆጵርያኖስ ነው። በስንክሳር ከዮስቴና ጋር የሚታሰበው፣ ቀድሞ አስማተኛ የነበረው ቆጵርያኖስ ሌላ ሰው ሲሆን የሁለቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። የካርቴጁ ቆጵርያኖስ እንደጻፈው፣ ብዙ ክርስቲያኖች ማንም ሳያስገድዳቸው ወደ አደባባዩ ሮጡ፤ መሽቷልና ነገ ተመለሱ ሲባሉም ዛሬውኑ እንሠዋ ብለው ለመኑ። ሌሎች ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው ሳይሠዉ ወረቀቱን ብቻ ገዙ። እርሱ ራሱ ተሸሸገ፤ ከተሸሸገበትም ሆኖ በደብዳቤ ሕዝቡን ይመራ ነበር። በዚህም በብርቱ ተነቅፏል፤ በተለይ የሮም ጳጳስ ፋብያኖስ ጥር 20 ቀን 250 በሰማዕትነት ካረፈ በኋላ፣ እረኛው ሸሸ የሚለው ወሬ ቀላል አልነበረም።

ስደቱ ሲበርድ የወደቁት በብዛት ተመለሱ። እዚህ ላይ የእርስዎን ሁለት ወገኖች በግልጽ ያገኟቸዋል። በካርቴጅ አንዳንድ ቀሳውስት ያለ ንስሐ ወዲያው ያቆርቧቸው ጀመር። በእስር ቤት ስለ ክርስቶስ መከራ የተቀበሉ ታማኞችም «እገሌ ከነወገኖቹ ይቁረብ» የሚል ደብዳቤ ይጽፉላቸው ነበር። ቆጵርያኖስ «ከነወገኖቹ» የሚለው ቃል እጅግ አሳሰበው፤ በአንድ ወረቀት ሃያም ሠላሳም ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ ሊገባ ይችላልና። በሮም ደግሞ ኖቫትያኖስ የተባለ የተማረ ቄስ፣ የካደ ሰው ወደ ቁርባን ሊመለስ አይችልም ብሎ ከአዲሱ ጳጳስ ከቆርኔሌዎስ ተለየና ራሱ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ።

በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለቱንም መንገድ አልተቀበሉም። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለየብቻው እንዲታይ ወሰኑ። ወረቀት ብቻ የገዙት ተመርምረው እንዲመለሱ፣ የሠዉት ግን በንስሐ ቆይተው በሞት አፋፍ ላይ እንዲቆርቡ ተባለ። ቆጵርያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሚያደርገውን ልዩነት ቢያነቡ ይገረማሉ፤ በፈቃዱ የሮጠውና ብዙ ታግሎ የተሸነፈው፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ የወሰደውና ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ቤተሰቡን ያዳነው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም ይላል። ወረቀት ገዝተው የነበሩት «አለመሠዋታችን በቂ መስሎን ነበር» ሲሉትም፣ እጃቸው ንጹሕ ቢሆንም ሕሊናቸው መቆሸሹን ነግሯቸው ከእነርሱ ጋር ያዝናል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ስደት የሚመጣ ሲመስል፣ በንስሐ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ቁርባን እንዲመለሱ ተፈቀደ፤ ለጦርነት የሚወጣ ወታደር ያለ ትጥቅ አይላክም በሚል። አባቶች በዓመት ልዩነት ውስጥ የቀደመ ውሳኔያቸውን ማሻሻላቸው ለእኔ የድክመት ምልክት አይመስለኝም፤ ሰዎቹን በቅርብ እየተመለከቱ ይወስኑ ስለነበር ነው።

ሸሽቶ የነበረው ቆጵርያኖስ መስከረም 14 ቀን 258 በሰይፍ ተገደለ። ፍርዱ ሲነበብለት «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ለሰያፊውም 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጠው አዘዘ።

ምላሽ፦ ከአንድ ወንድም

መምህር፣ የጻፉት ትምህርት የሚሰጥ ቢሆንም ያልተነገረ ነገር አለ። በእኔ ሰፈር የሐሰት ወረቀቱን አልቀበልም ብላ ሳትሄድ የቀረች እኅት አለች። እናቷ ታማ ሳለች ገንዘብ አጥታ፣ ጓደኞቿ ቤት ሲሠሩ እያየች በጉልት ሽንኩርት እየሸጠች ኖረች። ዛሬ ወረቀቱን የተቀበሉት ተመልሰው ከፊቷ ቆመው ቢዘምሩ፣ እርሷ የከፈለችው ዋጋ ምን ተባለ? ኖቫትያኖስን ሁሉም ልበ ደንዳና አድርጎ ይስለዋል፤ ነገር ግን የእርሱ ወገኖች በሥላሴ ትምህርት የቀኑ፣ በኑሯቸውም የተመሰገኑ ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ከ200 ዓመት በላይ ቆይቷል። የሰማዕታትን ደም እያከበርን መካድን ቀላል ነገር ካደረግነው ልጆቻችን ከእኛ ምን ይማራሉ? ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ ጥያቄው በእውነት ስለሚያስጨንቀኝ ነው።

ምላሽ፦ ከአንድ ዲያቆን

ወንድሜ፣ ያቺ እኅት በቤተ ክርስቲያን ፊት ልትከበር እንደሚገባት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ከሆነ ያ የሁላችንም በደል ነው። ነገር ግን የእርሷ ክብር የሌሎቹን በር በመዝጋት ይጠበቃል የሚለውን አልቀበልም። በኖቫትያኖስ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዲዮናስዮስ ለራሱ ለኖቫትያኖስ ሲጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳትከፈል ሲባል የሚቀበሉት መከራ ለጣዖት ላለመሠዋት ከሚቀበሉት ሰማዕትነት አያንስም፣ እንዲያውም ይበልጣል ብሎታል። ይኸው ዲዮናስዮስ ሰራፒዮን ስለሚባል ሽማግሌ ይተርካል። ሽማግሌው ሠውቶ ስለነበር ቁርባን ተከልክሎ ኖረ። ታሞ ሊሞት ሲል የልጁን ልጅ ወደ ቄሱ ላከው። ሌሊት ነበር፣ ቄሱም ታመው መምጣት አልቻሉም፤ ስለዚህ ከቅዱስ ቁርባኑ ጥቂት ለብላቴናው ሰጥተው፣ አርሶ በአያቱ አፍ ውስጥ እንዲያደርግ ነገሩት። ሽማግሌው ተቀብሎ ወዲያው አረፈ። ዲዮናስዮስ ይህን የጻፈው፣ ሰውየው እስኪፈታ ድረስ በሕይወት የቆየው ለዚህ ነው ብሎ ስላመነ ነው።

ለእናንተ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኅዳር 29 ቀን የምናስበው ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ ነው። የዲዮቅልጥያኖስ ስደት በ303 ተጀምሮ አራተኛው ፋሲካ ሲደርስ፣ በ306፣ ይህ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ስለ ወደቁት ቀኖና ጻፈ። ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ሥጋቸው ደክሞ የካዱት ያሳለፉት ሦስት ዓመት ታስቦላቸው 40 ቀን ጾም ብቻ ተጨመረባቸው። እስር ብቻ አግኝቷቸው የተሸነፉት አንድ ዓመት ተጨመረባቸው። የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ያስመሰሉ፣ በጽሑፍ ብቻ የካዱ ወይም በእነርሱ ምትክ አሕዛብን የላኩ ስድስት ወር ተሰጣቸው። ገንዘብ ከፍለው ከነጭራሹ ያመለጡት ግን አልተነቀፉም፤ ንብረታቸውን ያጡት ስለ እምነታቸው ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ስለ ባሪያዎችና ስለ ጌቶች የተጻፈው ነው። ክርስቲያን ጌቶች ራሳቸውን ለማዳን ክርስቲያን ባሪያዎቻቸውን በምትካቸው እንዲሠዉ ይልኩ ነበር። ጴጥሮስ ለባሪያዎቹ አንድ ዓመት፣ ለጌቶቹ ሦስት ዓመት ቀኖና ሰጠ። የእጁ ሥራ የባሪያው ቢሆንም የኃጢአቱ ክብደት የላኪው ነው ማለቱ ነው። እኅቶቻችንን በወረቀት የላካቸው ማን እንደሆነ በዚህ ዐይን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

መካድ ቀላል ተደርጎ አልታየም። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት፣ በሮም ንጉሥ በሊቅንዮስ ዘመን ሳይገደዱ ለካዱት በጠቅላላው 12 ዓመት የሚሆን የንስሐ ጊዜ ወስነዋል። ነገር ግን ንስሐው እውነተኛ መሆኑን ያየ ኤጲስ ቆጶስ እንዲያቀልለት ፈቅደዋል፤ ለሚሞት ሰውም ቁርባን እንዳይከለከል አዝዘዋል። የኖቫትያኖስ ወገኖችም ሊመለሱ ቢወድዱ፣ በስደት ከወደቁትና ንስሐ ከገቡት ጋር አብረው ለመቁረብ በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ ተጠየቁ። ከእነርሱ ኤጲስ ቆጶሳት አንዱ ለንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ጥብቅ ሥርዓታቸውን ሲያስረዳ፣ ንጉሡ «እንግዲያስ መሰላል አቁምና ብቻህን ወደ ሰማይ ውጣ» እንዳለው ይተረካል።

በአገራችንም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እምነታቸውን ለውጠው የነበሩ ብዙ ሰዎች ተመልሰዋል። ክዶ የተመለሰ ሰው ዛሬም የሚቀበሉበት ጸሎት በመጽሐፈ ቄድር አለ። ያ መጽሐፍ መኖሩ ራሱ ለክርክራችሁ መልስ ይመስለኛል፤ ሊቀበሉት ላላሰቡት ሰው የመቀበያ ጸሎት አይዘጋጅምና።

ምላሽ፦ ከስደት ከተመለሰች እኅት

እኔም በሌላ ስም ሄጄ ሰባት ዓመት ቆይቼ የመጣሁ ነኝ። «መከራሽ ይበቃሻል፤ ንስሐ አያስፈልግሽም» ያሉኝ ሰዎች ሊያጽናኑኝ እንደፈለጉ አውቃለሁ፤ ግን አላሳረፉኝም። በሌሊት ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እመቤቴን ስለምን፣ ቀን የተናገርኩት ቃል በጉሮሮዬ እንደ አጥንት ይቆም ነበር። ያ ነገር ኃጢአት አይደለም ብትሉኝ ያን ሁሉ ሌሊት ያለቀስኩት በምን ምክንያት ነው? አባቴ ቀኖና ሲሰጡኝ ነው መጀመሪያ የተነፈስኩት፤ ያመመኝን ያመነልኝ ሰው አገኘሁ።

ዲያቆን የጻፉትን 12 ዓመት ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ በኋላ ግን 12 ዓመት መጨረሻ እንዳለው አሰብኩ። እኔን የጎዳኝ መጨረሻ የሌለው ነገር ነው። ቀኖናዬን ፈጽሜ፣ ተፈትቼ፣ ቆርቤ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በማኅበራችን ጽዋ ላይ ከእኔ ጎን የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ካህኑ ፈትተውኝ ሳለ ሰው አልፈታኝም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወንድማችን ሆይ፣ ምንም ብትወስኑ የሚያልቅበትን ቀን ንገሯቸው።

ምላሽ፦ ከአንድ የወንጌላውያን አማኝ

እኔ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ብሆንም ጉዳዩ የእኔም ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ በተገደሉበት ዓመት የ19 ዓመት ወጣት ነበርኩ። በአንድ ስብሰባ ላይ አማኝ ነህ ወይ ተብዬ አይደለሁም አልኩ። ያልካዱ ጓደኞቼ ታሰሩ፤ ሲፈቱ በቤታቸው በድብቅ የሚጸልዩበት ኅብረት ውስጥ መልሰው ተቀበሉኝ። ስለዚህ ታሪኩን ከራሴ ለይቼ ማንበብ አልችልም።

ቀደም ብለው የጻፉት ወንድም ላነሡት ስጋት የሰሜን አፍሪካ ታሪክ የሚቀጥል መልስ አለው። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ ጥፋቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሹማምንት አሳልፎ መስጠት ነበር። በቂርጣ ከተማ ግንቦት 19 ቀን 303 የተደረገው ፍተሻ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ ከወርቅና ከብር ጽዋዎች ጋር 82 የሴቶች ቀሚስና 47 ጥንድ የሴቶች ጫማ ተቆጥሯል። ያ ልብስ ለድኆች የተቀመጠ ሳይሆን አይቀርም፤ ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። በ312 ገደማ በዚያው በሰሜን አፍሪካ የኑሚድያ አውራጃ ኤጲስ ቆጶሳት የካርቴጁን ጳጳስ ቄክልያኖስን «የሾመህ መጽሐፍ አሳልፎ የሰጠ ነው» ብለው ሌላ ጳጳስ በላዩ ሾሙ። ሿሚው ፊልክስ በ315 ተመርምሮ ነጻ ወጣ፤ መለያየቱ ግን አልቆመም፤ የተለየው ወገንም በመሪው በዶናቱስ ስም ተጠራ። ተቃዋሚዎቻቸው በኋላ ባቀረቡት ሰነድ መሠረት ደግሞ ከከሳሾቹ ኤጲስ ቆጶሳት አንዳንዶቹ ራሳቸው መጻሕፍት አሳልፈው ሰጥተው ኖሮ፣ ከዓመታት በፊት በቂርጣ ተሰብስበው የእርስ በርሳቸውን በደል ለእግዚአብሔር ፍርድ ትተውት ነበር። ለራሳቸው የሰጡትን ምሕረት ለቄክልያኖስ ነፈጉት።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ411፣ በካርቴጅ ለክርክር ሲገናኙ ከእያንዳንዱ ወገን 280 ገደማ ኤጲስ ቆጶሳት ነበሩ። አንድ አገር፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ የሃይማኖት መግለጫ፣ በአንድ ከተማ ሁለት መንበር። በዚያው አገር የሂፖ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ የምሥጢራት ጸጋ የክርስቶስ እንጂ የአገልጋዩ ንጽሕና እንዳልሆነ በማስተማሩ ሁላችንንም ጠቅሞናል። ነገር ግን ቀድሞ ሰውን በእምነት ማስገደድ አይገባም ሲል የነበረው ይኸው አባት በኋላ የመንግሥትን ቅጣት ደገፈ፤ «ግድ በላቸው» የሚለውን የሉቃስ 14 ቃል ለዚያ ተጠቀመበት። ይህን ሳነብ አዝናለሁ። በእኛም አገር አፄ ሱስንዮስ እምነትን በአዋጅ ለመለወጥ ሲሞክሩ የፈሰሰው ደም፣ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲለደስ እስኪለቁ ያደረሳቸው መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ወንድማችን፣ የሚበዛው ወገን የሚያንሰውን በድምፅ ብልጫ ወይም በደብሩ ሥልጣን እንዳይረግጠው አደራ። አውግስጢኖስ በነሐሴ 430 ሲያርፍ ቫንዳሎች የተባሉ ወራሪዎች ሂፖን ከበው ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ያን ቀን እየተካሰሱ ነው የደረሱበት።

ከጠያቂው የተሰጠ ምላሽ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራ አመራር አነበብኩላቸው። የሦስቱ ጉዳይ ለየብቻው በንስሐ አባቶቻቸው ምስክርነት እንዲታይ፣ ቀኖናቸውን የፈጸሙት ሁለቱ ከመጪው የጾም ፍቺ ጀምሮ ወደ መዝሙር እንዲመለሱ፣ ቀኑም ለጉባኤው በግልጽ እንዲነገር ተስማምተናል። ሦስተኛዋን ቀኖናዋ እስኪያልቅ ድረስ በየሳምንቱ ከቤቷ እየሄዱ አብረዋት የሚያስቀድሱ ሁለት እኅቶች ተመድበዋል። ወረቀቱን እምቢ ብለው የቀሩ እኅቶች በእኛም ደብር እንዳሉ ስንጠይቅ አገኘን፤ ይህን ከዚህ ቀደም ጠይቀን አለማወቃችን አሳፍሮኛል።

አንድ ነገር ግን ገና አልጨረስንም። ዲያቆን ስለ ጌቶቹ የጻፉት ሲነበብ አዳራሹ ዝም አለ፤ ሁለቱን እኅቶች ከደላላው ጋር ያገናኛቸው ሰው ከእኛው አባላት አንዱ ነው፤ ለዚህም ሥራው ገንዘብ ተቀብሏል። እስከ ዛሬ ማንም ስለ እርሱ ንስሐ ጠይቆ አያውቅም። ከጉባኤው በኋላ ራሱ ወደ እኔ መጥቶ፣ ሦስት ዓመቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠየቀኝ። ወደ ንስሐ አባቱ አብሬው እሄዳለሁ።